ሙክቱ ሆዱ አልደረቀም፤ ሽንቱ ነው የታገደው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ በግልገልነቱ የተኮላሸ ሙክት አላቸው። ከሁለት ወር በላይ በፉሪሽካና በእህል ሲያደልቡት ቆይተዋል። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጀርባውን አጉብጦ ያምጣል፣ ጭራውን ያወራጫል፣ ጥርሱን ያፋጫል። መኖ አይቀምስም። «ሆዱ ደርቋል» ተብሎ ዘይት ጋቱት፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ጎረቤት «የሚያሸና መርፌ ይወጋ» እያለ ነው።

ወንድሜ፣ መርፌውን ያስቀሩት። ሙክቱን ባላየውም የነገሩኝ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ነው የሚጠቁመኝ፦ የሽንት ቱቦው በጠጠር ተዘግቷል። ወንድ ነው፣ በልጅነቱ ተኮላሽቷል፣ ፉሪሽካ ላይ ከርሟል፣ ያምጣል። እነዚህ ሲገጣጠሙ እኔ ሌላ በሽታ ፍለጋ አልሄድም። ሰው የሚያምጥ በግ ሲያይ በጠጡን ነው የሚጠረጥረው። በግ ግን ሆዱ እንዲህ በቀላሉ አይደርቅም።

አሁኑኑ ያረጋግጡ። ብቻውን ደረቅ ወለል ላይ ያቁሙትና ደረቅ ጆንያ ያንጥፉለት። አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ጆንያው ካልራሰ፣ ወይም ጠብ ጠብ ብቻ ካለበት፣ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ቀጥለው ከሆዱ ስር፣ የሽንት መውጫው ላይ ያለውን ፀጉር በጣትዎ አሸት አሸት ያድርጉት። አሸዋ የገባበት ይመስል ከሻከረዎት ደርቆ የቀረ የጠጠር ብናኝ ነው። ሲያምጥ ደግሞ ከፊንጢጣው ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለውን ቆዳ ይንኩት። ውስጡ ትር ትር ይላል። መውጫ ያጣ ሽንት ቱቦውን ሲገፋው ነው።

ኩላሊት ያጣራል፣ ፊኛ ያጠራቅማል፣ ቱቦው ያወጣል። ጣጣው ያለው ቱቦው ላይ ነው። የሴቷ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ጠጠሩ አልፎ ይወጣል። የወንዱ ግን ረጅምና ቀጭን ነው፤ መሀል ላይ ይጠማዘዛል። ጫፉ ላይ ደግሞ ትል የመሰለች ቀጭን ጅራት አለችው። ጠጠሩ የሚሰነቀረው በብዛት እዚያች ጅራት ውስጥ ወይም መጠማዘዣው ላይ ነው። በጣም በልጅነቱ የተኮላሸ ደግሞ የወንዴ ሆርሞን ስለሚያጥረው ቱቦው እንደሚገባው ሳይሰፋ ይቀራል። ለማድለብ የታሰበን ግልገል ቶሎ ቶሎ የሚያኮላሹ ሰዎች ያናድዱኛል። ጥቂት ወራት ቢታገሱ ይህ ሁሉ ስቃይ ሊቀንስ ይችል ነበር።

መርፌውን ለምን እንደከለከልኩ ልንገርዎት። የሚያሸና መድኃኒት ኩላሊትን ነው የሚያሠራው፤ ጠጠር አያነሳም። በሩ ተዘግቶ ሳለ ፊኛው ላይ ተጨማሪ ሽንት ይጫናል፣ ፊኛውም ይፈነዳል። በጉሮሮው ውሃ በግድ መጋትም ያው ነው። ዘይቱንም ይተዉት። የሽንት ቱቦ ከጨጓራ ጋር አይገናኝም፤ በግድ የተጋተ ዘይት ሳንባ ከገባ ደግሞ ሌላ በሽታ ያመጣል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ፊኛው ሲፈነዳ ሕመሙ ጋብ ይላል። ማማጡን ያቆማል፣ ጥቂት ይረጋጋል፣ ባለቤቱም «ተሻለው» ይላል። በቀጣዮቹ ቀናት ግን ሆዱ ከሁለቱም ጎን ወደ ታች እየሞላ ይወርዳል፣ ይደነዝዛል፣ ይሞታል። ቱቦው ራሱ ከተቀደደ ደግሞ ከሆዱ ስር ያለው ቆዳ ያብጣል። ስለዚህ ሳይሸና ማማጡን ካቆመ ደስ አይበልዎት።

ዛሬውኑ ሐኪም ይጥሩ። ፊኛው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ላይታገስ ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ አንዱን ቀን ጨርሰዋል። ሐኪሙ ሙክቱን በቂጡ አስቀምጦ የብልቱን ጫፍ ያወጣና ያችን ጅራት ያያታል። ጠጠሩ እዚያ ከሆነ በመቀስ ይቆርጣታል፤ ሽንቱ ወዲያው ሊፈስ ይችላል። ከኋላ ሌላ ጠጠር ተሰልፎ ሊጠብቅ ስለሚችል ግን በዚያው መዘናጋት አይገባም። መጠማዘዣው ላይ ከሆነ ቀዶ ጥገና ነው። ማንም ሰው ቀጭን ላስቲክ እስከ ፊኛ ልግፋበት ቢል አይፍቀዱ። በበግ ቱቦ ውስጥ፣ ከዳሌው አጥንት አካባቢ፣ ኪስ የመሰለ ጉድጓድ አለ፤ የላስቲኩ ጫፍ እዚያ ይገባና ይቀራል። በጉልበት ሲገፉት ቱቦውን ይቀድደዋል። እንዲህ የተቀደደ በግ ወደ እኔ ሲመጣ አንጀቴ ነው የሚያርረው፤ መዳን ይችል የነበረ ነውና።

ማረድ ካሰቡ ሐኪሙን አስቀድመው ያማክሩ። ፊኛው ሳይፈነዳ፣ መድኃኒትም ሳይወስድ ከሆነ ያዋጣ ይሆናል። ከፈነዳ በኋላ ሥጋው ሽንት ሽንት ይሸታል፤ አይበላም።

አሁን ጠጠሩ ከየት መጣ? ይህን ጠንቅቀው እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ሁሉም ነገር ያለው ምራቅ ላይ ነውና። የሚያመሰኳ እንስሳ ትርፍ ፎስፈረስን፣ ማለትም ጠጠሩ የሚሠራበትን ማዕድን፣ በዋናነት በሽንት አያስወጣም። የምራቅ ዕጢዎቹ ከደም ውስጥ ይወስዱታል፣ ከምራቁ ጋር ወደ ሆድ ይወርዳል፣ እዚያ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚፈልጉትን ይጠቀሙበታል፣ የቀረው ከበጠጥ ጋር ይወጣል። በግ ድርቆሽ ሲበላ ቆሞም ተኝቶም ያመሰኳል፤ ምራቁም በቀን ብዙ ሊትር ይሆናል። ፉሪሽካ ግን የደቀቀ ነው፤ ብዙ አያስመሰኳም። ምራቁ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ፉሪሽካ ራሱ ፎስፈረስ የተሸከመ ነው፦ ወደ 1 በመቶ ፎስፈረስ፣ ካልሲየሙ ግን ከ0.1 በመቶ ብዙም አይበልጥም። መኖው ውስጥ መሆን የነበረበት የተገላቢጦሽ ነው፤ ለአንድ እጅ ፎስፈረስ ሁለት እጅ ካልሲየም። እንግዲህ ገቢው በዛ፣ በምራቅ በኩል ያለው መውጫ ጠበበ። የተረፈው ወደ ኩላሊት ይሄዳል። የበግ ሽንት አሲድ አይደለም፤ ከዚያ ተቃራኒ ነው። እንዲህ ባለው ሽንት ውስጥ ፎስፈረሱ ከማግኒዚየምና ከአሞኒየም ጋር ተጣብቆ ደቃቅ አሸዋ ይሠራል። ውሃ ካነሰው ደግሞ ሽንቱ ይወፍርና አሸዋው ቶሎ ይጠጥራል።

ስለዚህ የቀሩት ወንዶች ላይ ዛሬውኑ ይጀምሩ። ፉሪሽካውንና እህሉን ይቀንሱ፣ ድርቆሹን ያብዙ። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ለካልሲየም ይጨምሩ። ንጹሕ ውሃ ቀኑን ሙሉ አይለያቸው። ጨው እንዲጠጡ ያደርጋል፤ ከመኖው ከ1 እስከ 4 በመቶ ድረስ ይገባል፣ ውሃ ካለ ብቻ። ሽንቱን አሲድ ለማድረግ አሞኒየም ክሎራይድ ከጠቅላላው መኖ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ይቀላቀላል፤ በሐኪም ምክር ይሁን። ስሙ ተመሳሰለ ብሎ የማዳበሪያ አሞኒየም ናይትሬት የሚሰጥ አለ፤ እሱ መርዝ ነው። የታገደውን ሙክት ደግሞ አሞኒየም ክሎራይድ አያስከፍትለትም። የሚያሸና መርፌም አያስከፍትለትም፤ ደግሜ እላለሁ፣ አይወጋ።

ጽሑፍ የሌለበትን ርካሽ የሚላስ ማዕድንም አይግዙ። ቀለም የተቀባ ጨው ብቻ ሊሆን ይችላል። ለከብት የተሠራ ከሆነ ይብሳል፤ መዳብ ይበዛበታል፣ በግ ደግሞ መዳብ አይችልም። በመዳብ የተመረዘ በግ ሽንቱ ጥቁር ቀይ ይሆናል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ቀይ ሽንት ካዩ በብርጭቆ ቀድተው ያስቀምጡት። ቀዩ ወደ ታች ከዘቀጠ ደም ነው፤ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ሳይዘቅጥ ከላይ እስከ ታች ቀይ እንደሆነ ከቀረ የመዳብ ነገር ያሳስበኛል።

ዛሬ ማታ በረቱን ይዙሩና የወንዶቹን ሁሉ የሆድ ስር ፀጉር በየተራ ይዳስሱ። የሻከረ ካገኙ ገና ሳያምጥ ለይተው ያቁሙት፤ ሐኪሙ ሲመጣ እሱንም አብሮ ይየው።