ከግድግዳው ማዶ ያሉት መምህር

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፦

በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከኮሌጅ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼን 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ስላቸው 2/5 ይሉኛል፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ይደምራሉ። ሦስት ጊዜ መልሼ አስተማርኩ፤ ለውጥ የለም።

ከጎኔ ባለው ክፍል አንድ አንጋፋ መምህር አሉ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ልጆቻቸው ሲከራከሩ፣ ሲስቁ ይሰማኛል። የእኔ ክፍል ጭጭ ነው። ሄጄ ልጠይቃቸው አስብና «ኮሌጅ ምን ስትማር ከረመች?» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። መምህራን በየዓመቱ 60 ሰዓት እንድንማማርበት የታሰበው ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያም ሰኔ ላይ ሰዓቱን በወረቀት ሞልተን የምንፈራረምበት ሆኗል። መካሪ ተብለው የተመደቡልኝ መምህር ክፍሌ ገብተው አያውቁም። ምን ይመክሩኛል?

አዲሷ መምህርት

ውድ እህቴ፣

አዲስ መምህር ለመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት መካሪ ይኑረው የተባለው ብቻውን እንዳይቀር ነው። ስለዚህ መጠየቅሽ አያሳፍርሽ።

ግን «እንዴት ላስተምር?» ብለሽ አትሂጂ። አምስት ደብተር ይዘሽ ግቢና «ጋሼ፣ ልጆቼ እንዲህ ይጽፋሉ፤ የእርስዎም እንዲህ ይሉ ነበር?» በያቸው። ያኔ ወሬው ስለ አንቺ ችሎታ መሆኑ ይቀርና ስለ ልጆቹ ሐሳብ ይሆናል። እኔም በማስተምርበት ዘመን እንዲህ ያለ ደብተር ይዤ ጎረቤቴ ክፍል ገብቼ ነበር። መምህርቷ አየችውና «ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ብጨምርልሽ ከግማሽ ያንስብሻል?» አለችኝ። 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ ለልጆቹ አንድም ቀን አሳይቼ አላውቅም! የገበሬ ልጅ ሲሶንና እርቦን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ 1/3 ብለን የምንጽፈው ያው ሲሶው መሆኑን የነገረው ግን የለም።

ቀጥሎ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ እንድትቀመጪ ጠይቂያቸው። ዓይንሽን አንድ የሚቸገር ልጅ ላይ አድርጊ፤ እርሳሱ የት ላይ እንደሚቆም ተመልከቺ። የጃፓን መምህራን ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ሲማማሩ ኖረዋል፦ አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተማሪውን ያያሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ይነጋገሩበታል።

ከዚያ እሳቸውን ወደ ክፍልሽ ጋብዢ። ቅጽ እንዳይሞላ፣ ለርእሰ መምህሩም ወሬ እንዳይሄድ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የክፍል ምልከታን ከሥራ አፈጻጸም ነጥብ ጋር ማጣበቃችን እጅግ ያሳዝነኛል፤ መምህሩ በሩን የሚዘጋው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚታየው ሰው ነጥብ እንደማይቀነስበት ካወቀ ድካሙን አይደብቅም።

ምናልባት እምቢ ቢሉሽ የ4ኛ ክፍሏን መምህርት ሞክሪ፤ ልጆቹን ወዳንቺ የላከቻቸው እሷ ናት።

አብራችሁ የተቀመጣችሁበትን ሰዓት ከ60ው ላይ አስመዝግቡት፤ ሥራ ነውና። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ወደሚገናኙበት የጉድኝት ማዕከል ስብሰባ ስትሄዱም እነዚያን አምስት ደብተሮች ያዢ። ከሌሎቹ ትምህርት ቤቶች የሚመጡት የ5ኛ ክፍል መምህራንም 2/5 የተጻፈበት ደብተር አያጡም።