ከ«ቱ» በኋላ «ኢንግ» ይመጣል እንዴ?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን የሥራ ማመልከቻዬን የጨረስኩት «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ» ብዬ ነው። ጓደኛዬ «ሚቲንግ ነው የሚባለው» አለችኝ። ከ«ቱ» ቀጥሎ ግሱ እንዳለ አይደለም እንዴ የሚገባው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። ይህቺ «ቱ» የኢንፊኒቲቭ (ግሱ ሳይለወጥ ከ«ቱ» ቀጥሎ የሚገባበት ቅርጽ) አይደለችም፤ እንደ «ኢን» እና «አት» መስተዋድድ ናት። መስተዋድድ ደግሞ ከኋላው ስም ወይም ጄረንድ (እንደ ስም የሚያገለግል የግስ «ኢንግ» ቅርጽ) ይፈልጋል። ለመለየት በግሱ ቦታ ስም አስገቢበት። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ኢንተርቪው» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ቱ ሚቲንግ ዩ» በይ። «ዋንት ቱ ዘ ኢንተርቪው» ግን አያስኬድም፤ እዚያ «ቱ ሚት» ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ዩዝድ ቱ» ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «አይ ዩዝድ ቱ ዎርክ አት ናይት» ማለት ድሮ ማታ ማታ እሠራ ነበር፣ አሁን ቀርቷል ማለት ነው። «አይ አም ዩዝድ ቱ ዎርኪንግ አት ናይት» ደግሞ የማታ ሥራ ለምጄዋለሁ ነው። ቀጣሪ ፊት ከተምታታብሽ ያላሰብሽውን ተናገርሽ ማለት ነው።

«ኢንጆይ»፣ «አቮይድ» እና «ፊኒሽ» ጄረንድ፣ «ሆፕ» እና «ዲሳይድ» ኢንፊኒቲቭ ይወስዳሉ። ለእነዚህ ሕግ ፍለጋ አትድከሚ። «ኢንጆይ ሪዲንግ»፣ «ሆፕ ቱ ሂር» እያልሽ ከነተከታያቸው ደብተርሽ ላይ ያዢያቸው።