እሳቱ ትንሽ፣ እንጨቱ ደረቅ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የጎንደር ብርድ የማታ ብርድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ቀን ቀን ፀሐዩ ያሞቃል፤ ሌሊቱን ግን 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ እርጥበቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በዚህ እትም ቤትን በእንጨት ስለማሞቅ ለጠየቃችሁን እንመልሳለን።

ከማራኪ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሳሎናችን 4 በ4 ሜትር ነው። ከ200 ሊትር በርሜል የተሠራ ምድጃ አስገባን። ሲለኮስ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ከተያያዘ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ አላስቀምጥ ስለሚለን የአየር መግቢያውን እንዘጋለን። አሁን ቱቦው ጥቁር ቅጥራን የመሰለ ነገር ያንጠባጥባል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ምድጃው ለቤታችሁ እጅግ ትልቅ ነው፤ ቅጥራኑም የመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ኪሎ በደንብ የደረቀ እንጨት 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው። ደህና ምድጃ ከዚህ ከግማሽ በላዩን ለክፍሉ ይሰጣል። ስለዚህ ኮርኒስ ላለው እንደ እናንተ ያለ ሳሎን በሰዓት 1 ኪሎ እንጨት ይበቃል። በርሜሉ ግን አሥር ኪሎ ቢያጎርሱትም እምቢ አይልም። ቤቱ ሲግል አየሩን ትዘጋላችሁ፤ እንጨቱ መንደዱን ትቶ ይጨሳል፤ ጭሱም የቀዘቀዘ ቱቦ ሲነካ ቅጥራን ይሆናል። ይህ ቅጥራን ራሱ ማገዶ ነው። አንድ ቀን ቱቦው ውስጥ ከተያያዘ፣ ከላዩ ያለው የባህር ዛፍ ወራጅ ነው።

በርሜሉን መጣል አያስፈልግም፤ ሆዱን አጥብቡት። ከሥር 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ አልብሱ፤ ጎንና ጎኑን በሸክላ ጡብ ገንብታችሁ እሳቱ የሚነድበትን ቦታ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አውርዱት። ማያያዣው አሸዋ የተቀላቀለበት ሸክላ አፈር ይሁን፤ ሲሚንቶ በእሳት ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ፍልጥ ብቻ ጨምሩ፤ አየሩን ከፍታችሁ በነበልባል ይንደድ። የአየር መግቢያው የሚዘጋው ነበልባሉ ጠፍቶ፣ ፍሙም ከስሞ አመድ ሲሆን ነው። ቤቱ ከሞቀ ሌላ እንጨት አትጨምሩ። የሙቀቱ መቆጣጠሪያ የእንጨቱ ብዛት ይሁን።

ሲለኮስ ጭሱ የሚመለሰው ቱቦው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ስለተኛ ነው። ጭስን ወደ ላይ የሚስበው በቱቦው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው፤ ውጭው ብዙ በማይበርድበት አገር ስበቱ መጀመሪያ ላይ ይደክማል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ይህም ስበቱን ይቀንሰዋል። ስለዚህ መስኮት ገርበብ አድርጉ፤ ሁለት ገጽ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ ከቱቦው ሥር አንድዱ። ቱቦው ሲሞቅ እሳቱን ለኩሱ፤ ወፍራሙ ፍልጥ ከታች፣ ጭራሮው ከላይ ሆኖ፣ ክብሪቱ ከላይ ይጫር። እሳቱ ወደ ታች እየበላ ሲሄድ ጭሱ በነበልባሉ ውስጥ ስለሚያልፍ አብሮ ይቃጠላል።

ቱቦውንም ተመልከቱት። ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከምድጃው አናት ቢያንስ 4 ሜትር ተኩል ይሁን፤ ከጣሪያው ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ከሁለት በላይ መታጠፊያ አይኑረው። የላይኛው ቱቦ ጫፍ በታችኛው ውስጥ ይግባ፤ ብዙ በያጆች ገልብጠው ስለሚገጥሙት ነው ቅጥራኑ በመጋጠሚያው ወደ ውጭ የሚወርደው። ከምድጃው የሚነሳው የመጀመሪያው ቱቦ ጥቁር ላሜራ ይሁን፤ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ በጣም ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል። ቱቦው ኮርኒስና ጣሪያ በሚያልፍበት ቦታ ከእንጨት፣ ከቺፕውድና ከአቡጀዲድ በየአቅጣጫው 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ክፍተቱ በላሜራ ይሸፈን። ምድጃው ራሱ ከሶፋና ከመጋረጃ 90 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

ውስጡን በየወሩ እዩት። ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ በሽቦ ብሩሽ፣ ከሌለም ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ጠፍራችሁ ከላይ ወደ ታች ሳቡት። ቱቦው ማጓራት ከጀመረ እሳቱ ውስጡ ገብቷል፤ የምድጃውን በርና አየሩን ዘግታችሁ ሰው ሁሉ ይውጣ፤ እሳት አደጋም ይጠራ። በጋለው ቱቦ ላይ ውሃ አይደፋም።

ከአዘዞ፦ በመስከረም ከቅዳሜ ገበያ ባህር ዛፍ እንገዛለን። ሻጩ ደረቅ ነው ይለናል፤ ስናነደው ግን ጫፉ ያንሾካሹካል፣ አረፋም ይተፋል።

መልስ፦ አረፋ የሚተፋ እንጨት እርጥብ ነው። ትኩስ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ 10 ኪሎ ገዝታችሁ 5 ኪሎው ውሃ ነው ማለት ነው። ያው እንጨት ደርቆ የውሃው ድርሻ 20 በመቶ ሲደርስ ሚዛን ላይ 6 ኪሎ ከሩብ ይመጣል። ያ ሁሉ ውሃ ምድጃችሁ ውስጥ መትነን አለበት፤ የሚተነውም ቤቱን ሊያሞቅ በሚገባው እሳት ነው።

ባህር ዛፍ ትኩስ ሳለ ይፈለጥ፤ ከደረቀ ጠምዛዛ ጭረቱ ምሣር ይመልሳል። ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ በድንጋይ ወይም በሁለት አጣና ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይከመር፤ ከላይ ብቻ ቆርቆሮ ይልበስ፤ ጎኑ ለነፋስ ይከፈት። ዙሪያውን በፕላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን ያፍነዋል፣ እንጨቱም ይሻግታል። በጥቅምት የተቆረጠና የተፈለጠ በጋውን ሙሉ ፀሐይና ነፋስ አግኝቶ ለክረምቱ ይደርሳል። ለታኅሣሥ የሚነደው ግን ካለፈው በጋ የተረፈ መሆን አለበት፤ በመስከረም የሚገዛው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። መድረቁን ለማወቅ አንድ ፍልጥ መዝናችሁ ክብደቱን ላዩ ላይ ጻፉና ክምሩ መሐል አስገቡት፤ በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ወይራና ጽድ ለማገዶ ባይቆረጡ እንወዳለን። ባህር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እነዚያ ግን የሰው ዕድሜ ይጠይቃሉ።

ከአራዳ፦ ማታ ማታ የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት እናስገባለን። ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ አመድ ሲለብስ ነው የምናስገባው። ያሰጋል?

መልስ፦ አዎ፣ ይገድላል። ዛሬውኑ አቁሙ። ጭሱ ቢያልቅም ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ውጡ፤ ወደ ሆስፒታልም ሂዱ። ሎሚ ማሽተት ወይም ወተት መጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም። ቡና የሚፈላበት ከሰልም በር ተከፍቶ ይሁን፤ ቡናው ሲያልቅ ማንደጃው ይውጣ።

ከፒያሳ፦ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ አለን። እሳቱ በጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤቱ ይበርዳል።

መልስ፦ መጀመሪያ ወደ ላይ ተመልከቱ። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ከሌለ የትኛውም ምድጃ አያሸንፍም፤ ገንዘባችሁን እዚያ አውሉት። የበሩን ሥር በጨርቅ ድፈኑ፤ ለምድጃው አየር ግን 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ በአቅራቢያው ተዉ። ቀጥሎ ከምድጃው ኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ የጡብ ወይም የድንጋይ ግንብ ሥሩ። 200 ኪሎ ግንብ በ30 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ እንጨት ለክፍሉ የሚሰጠውን ሙቀት ይዞ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይለቃል። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ አታስጠጉ፤ ውስጡ የተቀመጠው ውሃ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። እሳቱን ከምሽቱ 12 ሰዓት ለኩሱ፤ ቤቱ ከበረደ በኋላ ከሚነድ ትልቅ እሳት፣ ግድግዳው ገና ሳይቀዘቅዝ የሚነድ ትንሽ እሳት ይሻላል።

ከአዘዞ፦ አመዱን የት እንድፋ?

መልስ፦ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ፣ ከቤት ውጭ፣ መሬት ላይ። አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ስለሚችል በጆንያም በፕላስቲክም አታድርጉት። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ለጎመን መደብ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ እፍኝ በትኑ፤ ድንች የሚተከልበት ላይ ግን አይሁን፣ የልጣጩን እከክ ያብሳል።