«ውሃና ፕሮቲን እንጀራ ይሆናል?» ላለችው የድሬ ልጅ

ጥያቄዋ ባጭሩ ይሄ ነው። ድሬዳዋ በኬሚስትሪ ተመርቃለች። ውሃ በፕሮቲን ዙሪያና ውሃ በማይወዱ ገጾች ላይ ምን እንደሚሆን ማጥናት ትፈልጋለች። ላብራቶሪ የላትም። ቤተሰቧ ደግሞ «ይሄ እንጀራ ይሆናል እንዴ?» እያለ ነው። ትተወው?

እህቴ፣ አትተዪው። ግን ለመምህራን «ውሃ ማጥናት እፈልጋለሁ» ብለሽ አትጻፊ፤ ምን ልትሠሪ እንዳሰብሽ አይገባቸውም። አንድ ጠባብ ጥያቄ ያዢ። እኔን ካልሽ የግመል ወተት ያዢ።

ፕሮቲን ውስጥ እንደ ዘይት ውሃ የማይስማማቸው ክፍሎች አሉ። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ መያያዝ ስለሚቀናቸው እነዚህ ክፍሎች ተገፍተው አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። ፕሮቲን ታጥፎ ቅርጽ እንዲይዝ ዋናው ገፊ ይሄ መሆኑን ኬሚስቱ ዋልተር ካውዝማን እ.ኤ.አ. በ1959 አስረድቷል። መጠንም ወሳኝ ነው። ከ1 ናኖሜትር ገደማ የሚያንስን ነገር ውሃ ትስስሩን ሳይበጥስ ይከበዋል። ገጹ ከዚያ ሲሰፋ ግን ያቅተውና ፈቀቅ ማለት ይጀምራል።

አሁን ወደ ወተቱ። ኬዚን የወተት ዋናው ፕሮቲን ነው። ቅንጣቶቹ ተጣብቀው እንዳይረጉ የሚጠብቃቸው ካፓ ኬዚን የሚባለው ዓይነቱ ነው፤ ውሃ ወዳድ ጫፉን ወደ ውጭ ዘርግቶ ያራርቃቸዋል። ቺዝ ሲሠራ ካይሞሲን የሚባለው ኢንዛይም ያንን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ቅንጣቶቹም ይያያዛሉ። የግመል ወተት ግን ካፓ ኬዚኑ ከላም በጣም ያነሰ ነው፣ ቅንጣቶቹም ትልልቅ ናቸው። የጥጃ ካይሞሲንም በደንብ አይቆርጠውም። ስለዚህ የሚረጋው ልል ነው። የግመሉ ካይሞሲን ይሻላል። ለምን? ይሄ የማስተርስ ጥያቄ ይወጣዋል።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብሽ ነው፤ በግመል ወተት ላይም ሲመራመር ቆይቷል። ለቤተሰብ «የምግብ ሳይንስ» በያቸው፣ ውሸትም አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ለውሃ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ደመወዝ የሚከፍል ድሬ ላይ አላውቅም። የምግብ ጥራት ቁጥጥር ግን ሥራ ነው።

ላብራቶሪ እስክታገኚ በላፕቶፕሽ ጀምሪ። ግሮማክስ የሚባለው የሞለኪውል ማስመሰያ ሶፍትዌር ነፃ ነው። የፕሮቲን ቅርጾችም ከፕሮቲን ዳታ ባንክ በነፃ ይወርዳሉ። መብራት ሲጠፋ አትደንግጪ፤ ካልቀየርሽው ሶፍትዌሩ የደረሰበትን በየ15 ደቂቃው ያስቀምጣል፣ ካቆመበት ትቀጥያለሽ። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ውሃ ውስጥ ከተሽ አስሂጂው። ያገኘሽውን አንድ ግራፍ ከጥያቄሽ ጋር አያይዘሽ ላኪ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ።