ስለ ድሪልና ስለ ሰፈር ጠብ ጠይቁኝ

ጀሞ ነው የምኖረው። ቤቴ ውስጥ ማይክ አለ፣ የሰፈር ልጆች እየመጡ ይቀዳሉ። የቺካጎን ራፕ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እከታተላለሁ። ሰሞኑን ሁለት የሰፈር ቡድኖች ቲክቶክ ላይ ሲበሻሸቁ ከርመው ታክሲ ተራ ላይ ስለተደባደቡ ሁሉም ሰው የሰፈር ጠብ ስለሚዘፍነው ራፕ፣ ስለ ድሪል፣ ይጠይቀኝ ጀምሯል። እስቲ በአንድ ላይ ልመልስ። የአሜሪካው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ድሪል ከሌላው ራፕ በምን ይለያል?

ከቺካጎ ደቡባዊ ሰፈሮች በ2010 አካባቢ የወጣ ነው። ቢቱ (ከግጥሙ ሥር ያለው ሙዚቃ) ጨለም ይላል፣ ግጥሙ የሰፈር ጠብ ነው፣ ስም ይጠራል። ቺፍ ኪፍ የሚባለው የቺካጎ ራፐር በ16 ዓመቱ አያቱ ቤት የቁም እስር ላይ እያለ የተቀረጸ ቪዲዮው በ2012 አገር አዳረሰ። ከዚያ ለንደኖች ወሰዱት፣ ቢቱንም ለወጡት። ኒውዮርኮች ደግሞ ከለንደን ተቀበሉ። እኛ ሰፈር ልጆቹ ከዩቲዩብ የሚያወርዱት ቢት አብዛኛው ያ ቤዙ የሚንሸራተተው የለንደን ዓይነት ነው፣ አለባበሱና የእጅ ምልክቱ ግን ከቺካጎ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ቲሸርቱ ላይ «ኦ ብሎክ» የሚል አጽፏል። የምር ቦታ ነው? መጥፎ ነገር ነው እንዴ?

አዎ እናቴ፣ የምር ቦታ ነው። ቺካጎ ውስጥ ፓርክዌይ ጋርደንስ የሚባል የአፓርታማ ግቢ አለ፣ ኦ ብሎክ የሚሉት እሱን ነው። ስሙ የወጣው በ2011 ከተገደለ ኦዲ ፔሪ ከሚባል የ20 ዓመት ልጅ ነው። ሚሼል ኦባማም በሕፃንነቷ እዚያው ግቢ ኖራለች፣ ይህን ማንም ቲሸርት ላይ አይጽፈውም። ልብሱን አይቅደዱበት። የማን ስም እንደሆነ ግን ይጠይቁት። ካላወቀ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ጠቡ ነው ራፑን ያመጣው ወይስ ራፑ ጠቡን? (ከየካ አባዶ)

ጠቡ ይቀድማል። ቺካጎ ውስጥ ድሆች የሚኖሩባቸው ትልልቅ የመንግሥት ፎቆች ነበሩ። ሮበርት ቴይለር የሚባለው ብቻ 28 ሕንጻ ነበረው፣ እያንዳንዱ ባለ 16 ፎቅ። እስከ 2007 ድረስ 28ቱም ፈረሱና ነዋሪው ተበተነ፣ ከማያውቀው ሰፈር ከማያውቀው ሰው መሃል ገባ። በ1990ዎቹ ደግሞ የትልልቆቹ ጋንጎች አለቆች እየተለቀሙ ታስረው ነበር። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ ማለቴ አይደለም፣ ግን «በቃ» ሲሉ የሚሰማቸው ነበር። የቀሩት በየመንገዱ የተቧደኑ ጎረምሶች ናቸው። በዚህ መሃል ነው ካሜራ ያለው ስልክ እጃቸው የገባው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ልደታ ፈረሰ፣ አራት ኪሎ ፈረሰ፣ ካዛንቺስ ፈረሰ። ሰዉ ዳር ወጣ። ኮንዶሚኒየም ደግሞ በዕጣ ነው፣ ከላይህ ማን እንደሚኖር ዕጣው ነው የሚወስነው። ድሮ ሁለት ልጆች ሲያያዙ ባለሱቁ የሁለቱንም እናት ያውቅ ስለነበር አንድ ጩኸት ይበቃ ነበር፣ እዚህ ግን አምስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ በመስኮት የሚያይ እንጂ ወርዶ የሚገላግል ብዙ የለም። ዕድሩም ገና አልጠናም። ጀሞ ቺካጎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ጨርሶ። እዚያ ሽጉጥ እንደ ልብ ነው። እዚህ ዱላና ድንጋይ ነው፣ ሲከፋ ጩቤ። ገላጋይ መጥፋቱ ግን አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ጠቡ የሚቀድም ከሆነ ታዲያ ቲክቶክ ምን አጠፋ?

ብሽሽቅ ድሮም ነበር። የሚሰማው ግን አሥር ሰው ነበር፣ ማታ ይረሳል። ሊል ጆጆ የሚባለውን የቺካጎ ራፐር ልጅ ተመልከቱ። በ2012፣ በ18 ዓመቱ፣ ከተቀናቃኞቹ ጋር ሲሰዳደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ለጠፈ፣ የት እንዳለም ትዊተር ላይ ጻፈ። በዚያው ዕለት ብስክሌት ላይ እያለ ተገደለ። ኤፍ ቢ ጂ ደክ የሚባለው ሌላ የቺካጎ ራፐር ደግሞ በ2020 በጠራራ ፀሐይ፣ ሀብታሞች የሚገበያዩበት መንገድ ላይ ነው የተገደለው። በእሱ ግድያ በ2024 ስድስት ሰዎች በፌደራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ሰዉ ዛሬም የሞተውን እንደ ኳስ ውጤት ይቆጥራል።

እኔን የሚያናድደኝ ኮሜንት ጸሐፊው ነው። ድሬዳዋ ወይ ዱባይ ተቀምጦ «ፈራህ እንዴ?» ይላል። እሱ ነገ ጠዋት ታክሲ ተራ አይሰለፍም፣ ልጁ ነው የሚሰለፈው። ላይቩን የከፈተው ደግሞ ስድቡ በጋመ ቁጥር ጊፍት (ተመልካች የሚልከውን፣ ወደ ብር የሚቀየር ስጦታ) ይለቅማል። ቢታረቁ ከሳሪው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በዲስ (ሌላውን በራፕ በመስደብ) ልታሰር እችላለሁ? 16 ዓመቴ ነው።

«ራፕህ አይረባም» በማለት አትታሰርም። «እንዲህ አደርግሃለሁ» ካልክ ግን ዛቻ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በቪዲዮም በጽሑፍም ለሚደረግ ከባድ ዛቻ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ሲከብድ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። 15 ዓመት ካለፈህ በወንጀል ትጠየቃለህ። ብሔር ወይም ሃይማኖት ነክተህ ጥላቻ ከቀሰቀስክ ደግሞ ሌላ አዋጅ አለ፣ 1185/2012። ማስረጃውን ራስህ ነህ ቀርጸህ የለጠፍከው።

ጥያቄ፦ ራፐር መሆን እፈልጋለሁ፣ ቤተሰቦቼ ግን ዱርዬ ልትሆን ነው ይሉኛል። (ከቱሉ ዲምቱ)

ቴዲ ዮንና ልጅ ሚካኤልን አስደምጣቸው። ሁለቱም በአማርኛ ራፕ አድርገው አገር የሚያውቃቸው ሆነዋል። አንተም ያላየኸውን ሽጉጥ አትጻፍ፣ ያስታውቃል ጀለስ። ስለ ታክሲ ሰልፍ ጻፍ፣ ውሃ ስለሚመጣበት ሌሊት ጻፍ። ቱሉ ዲምቱ ሆነህ ርዕስ ካጣህ ችግሩ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ላይቭ ላይ «ወንድ ከሆንክ ና ውጣ» እያሉት ነው። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ቪዲዮውን ለማንም አትላኪ። ለራስሽ ግን አስቀምጪው። አንቺም ገብተሽ አትመልሺላቸው። ሁለቱም ወገን የሚያከብሩትን ሰው ፈልጊ፦ የኳስ አሠልጣኝ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ የአንዱ አጎት። ያለ ስልክ ያገናኛቸው። ካሜራ ፊት ማንም «ይቅርታ» አይልም፣ አዋቂውም አይለው እንኳን ጎረምሳ። ቦታና ሰዓት ከተቀጣጠሩ ግን ሽምግልናው ይቆይ፣ ለፖሊስ ደውዪ። ይጠላሽ ይሆናል ለሳምንት፣ ይጥላሽ።

ጥያቄ፦ አንተ ጋ ቀረጻ ስንት ነው?

ለሰፈር ልጅ ነፃ ነው። የሰው ስም ጠርቶ የሚዝት ካለ ማይኩን አጠፋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ኑ፣ መብራት ካለ።