ገረባው ከቆሻሻዬ ውስጥ ተገኘ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሲስተር። የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ ማስተርሴን እማራለሁ። በሳምንት ሁለቴ ገደማ፣ ሳጠና በሬን ዘግቼ ጫት እቅማለሁ። በቀደም አከራዬ ቆሻሻዬ ውስጥ ገረባ፣ ተቅሞ የተረፈ ጫት፣ አገኙ። «ቃሚ ሴት ግቢዬ አላስቀምጥም፣ ነገ ወንድ ታመጪብኛለሽ» ብለው ወሩ ሲያልቅ እንድወጣ ነገሩኝ። ታላቅ ወንድሜ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እናታችን ቤት ከጓደኞቹ ጋር ሊቅም በርጫ ይቀመጣል። ቡናውን የምታፈላላቸው እሷ ናት። እጮኛዬ መቃሜን አያውቅም። ልንገረው?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አያቴ ከዙሁር ሶላት በኋላ ትራሷን ተደግፋ፣ ቅጠሏን ከኮባው ፈትታ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ትቅም ነበር። መጀመሪያ ዱዓ ይደረጋል። «ጫታም» ያላት ሰው አላስታውስም። አዲስ አበባ መጥቼ ነርስ ስሆን፣ ያው ቅጠል ሴት እጅ ላይ ሲታይ ሌላ ስም እንደሚወጣለት አየሁ። አንዲት ታካሚ ሐኪሙ ፊት «ቅሜ አላውቅም» አለች። ሦስት ሌሊት እንዳልተኛች የነገረችኝ ኮሪደር ላይ፣ በሹክሹክታ ነው።

አከራይሽ ያዩት ገረባ ነው። ወንዱን ከራሳቸው ጨመሩት።

ስለ ጤናሽ ግን ልጠይቅሽ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ያነቃል፣ ልብ ያስሮጣል፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሳል። ምርቃናው፣ የጫቱ ሞቅታ፣ ሲያልፍ ድብርት ሊከተል ይችላል። ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ዱካክ፣ የቃሚ ቅዠት፣ ይይዝሻል? ሳትቅሚ መጽሐፍ መግለጥ ያቅትሻል? ለጨብሲ፣ ምርቃናውን ለመስበር፣ መጠጥ ጀምረሻል? አንዱ እንኳ ካለብሽ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ፤ ሳትደብቂም ተናገሪ። እኔን በጣም ያሳሰበኝ የተዘጋው በርሽ ነው። ብቻውን የሚቅም ሰው «ዛሬስ በዛብሽ» የሚለው የለም።

ለእጮኛሽ ንገሪው። ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰማ፣ በቀን፣ ምርቃና ላይ ሳትሆኚ። ኃጢአት እንደምትናዘዥ ሆነሽ አትጀምሪ። በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትቅሚና ለምን እንደሆነ ንገሪው፣ የሚጠይቅሽንም መልሺለት። እናትሽ ጋም አንድ ቅዳሜ ሂጂ። ቡናው ሲፈላ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አከራይሽ ያሉሽን ቃል በቃል ንገሪያት። ወንድምሽም እዚያው ይስማ።