የባሕር ኤሊ ማከም ለምትመኙ የሐዋሳ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ባሕር በሌለው አገር ተወልዶ የባሕር ኤሊ ላክም ማለት ቅንጦት ነው የሚሏችሁ አይጠፉም። እኔ እንደዚያ አልልም። በሐዋሳ የሚያልፈው አስፋልት በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ይደርሳል። ከሞያሌ ወዲያ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ወዲያ የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ሩቅ ነው፣ ግን ሰው ይሄድበታል። አንዷ ተማሪዬም በክረምቱ እረፍት የባሕር ኤሊ ወደሚታከምበት ቦታ ሄዳ መጣች። ከዚያ ወዲህ "ጋሼ፣ እኛስ?" የሚለኝ በዝቷል። እሷ ያየችውንና እኔ ካረጀሁበት ከከብትና ከዶሮ ሕክምና የማውቀውን አንድ ላይ ልጻፍላችሁ።

ቀዶ ሕክምና አያለሁ ብላ ነው የሄደችው። የጠበቃት ብሩሽና ባልዲ ነው። ገንዳ ማጠብ፣ ዓሣ መቆራረጥ፣ የተበላውንና የተረፈውን መዝኖ መጻፍ። ስትደውልልኝ ብስጭቷ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ኤሊው ትናንት ምን እንዳወጣ የሚያውቀው ገንዳውን ያጠበ ሰው ነዋ! ፕላስቲክ ውጦ አንጀቱ የተዘጋ ኤሊ መብላት ያቆማል፣ አይጸዳዳም፣ ጋዝ ይሞላውና መስመጥ አቅቶት ላይ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ከመጽሐፍ ቀድሞ ባልዲው ይነግራችኋል።

አንድ ቀን ከመረብ የወጣ አረንጓዴ የባሕር ኤሊ በፒክአፕ ጭነው አመጡ። ዓይኑን ሲነኩት አይርገበገብም። አንገቱ ተዝለፍልፏል። በሬ ቢሆን እኔም ሞቷል ብዬ ፈርሜ እሄድ ነበር። የባሕር ኤሊ የሚተነፍሰው አየር ነው፤ መረብ ከውሃ በታች ከያዘው ይታፈናል። ሐኪሙ በሆዱ አስተኛው፣ ከኋላው ስፖንጅ ደግፎ ከፍ አደረገው፣ እርጥብ ፎጣ ጣል አደረገበት። የልብ ምት የሚያሰማውን መሣሪያ፣ የዶፕለሩን ጫፍ በአንገቱና በፊት መቅዘፊያው መካከል አስጠግቶ ዝም አለ። አንድ ምት ተሰማ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ሌላ አንድ። ልጅቷ ደረቱን እንጫነው ብትል ከለከላት። በጀርባው መገልበጥም ደረቱን መጫንም አይፈቀድም። የሚደረገው ኋላውን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ከ4 እስከ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው። አመሻሹ ላይ አንዱ መቅዘፊያ ተንቀሳቀሰ።

እዚህ የተማራችሁት እዚያ አያገለግልም ብላችሁ አትስጉ። የኤሊ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ዶሮው ኒውክሊየስ፣ ማለትም የሕዋስ አስኳል አለው። በዶሮ ደም ስላይድ ላይ ዓይናችሁን ካሠለጠናችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እኛ ለከብት ደም የለመድነው፣ ደም እንዳይረጋ ኢዲቲኤ የሚባል ነገር ያለበት ቱቦ የኤሊን የደም ሕዋስ ሊያፈርስ ስለሚችል ለዚያው ሥራ ሄፓሪን የሚባለው ያለበት ይመረጣል። ደም የሚቀዳውም ከአንገት ጀርባ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። ያንን ኤሊ ያዳነው ማነው? ሐኪሙ እንዳትሉኝ። መረቡ ውስጥ ሲያገኘው አርዶ ከመብላት ወይም ወደ ውሃ መልሶ ከመወርወር ይልቅ ስልክ የደወለው ዓሣ አስጋሪ ነው። ሥጋው ይሸጣል፤ የተቀደደ መረብ ደግሞ ማንም አይጠግንለትም። ለምን ይደውላል? ኬንያ ውስጥ ዋታሙ ላይ የሚሠራው ሎካል ኦሽን የሚባለው ድርጅት ይህን ጥያቄ ቀድሞ ስለጠየቀ ነው የተሳካለት። አስጋሪው ሲደውል ሄደው ኤሊውን ይረከባሉ፣ ለድካሙ መጠነኛ ገንዘብ ይሰጡታል፣ ይመዝናሉ፣ ምልክት ያስሩበታል፣ ጤነኛ ከሆነ ይለቁታል። አረንጓዴ የባሕር ኤሊ ለመራባት ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከመረብ የተረፈች አንዲት ትልቅ እናት ቀላል ነገር አይደለችም።

እኛም አገር ይህንኑ አይተናል። ከብት ይፈጅ የነበረው የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታወጅ ጭብጨባው ለሐኪሞችና ለክትባቱ ነበር። አፋር በረሃ ውስጥ ግን እኛ በመኪና ያልደረስንበት ድረስ ክትባት ይዘው የገቡት ከአርብቶ አደሩ መሃል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ከብቱን ያውቁታል፣ ባለቤቱም ያምናቸዋል። ዲግሪ የያዝን ሰዎች ይህን ለመቀበል ትንሽ ያንቀናል፤ ያው ነው እንግዲህ።

ስለ እንቁላልም ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። የአሸዋው ሙቀት ከ29 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የሚፈለፈሉት በአብዛኛው ሴቶች ይሆናሉ። የዓለም ሙቀት መጨመር ተመራማሪዎችን ያሳሰባቸው ለዚህ ነው። ከተጣለ ሰዓታት ያለፉትን እንቁላል ማገላበጥ ደግሞ ውስጡ ያለውን ሽል ይገድላል። የሚነካ ካለ የሠለጠነ ሰው ይንካው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ገንዘብ ክፈሉና የተፈለፈሉትን ትንንሽ ኤሊዎች በእጃችሁ ይዛችሁ ፎቶ ተነሱ የሚል ቦታ ይቅርባችሁ። እነሱ እስከ ባሕሩ ራሳቸው መሄድ አለባቸው፤ የያዙት ጉልበትም ባሕር ገብተው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚዋኙት ነው። ስታመለክቱ የሚከታተላችሁ ሐኪም ማን እንደሆነ፣ ተማሪ ምን እንዲነካና ምን እንዳይነካ እንደሚፈቀድለት ጠይቁ። በግልጽ የማይመልስ ካለ እለፉት።

መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ቁጭ አትበሉ። የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አለላችሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ለመሻማት ሲተራመሱ አብሮ ምን ፌስታል፣ ምን ክር እንደሚገባላቸው ቆማችሁ እዩ። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። በጥቁር ውሃ ወንዝ የገባው ቆሻሻ እዚያው ነው የሚቀረው። ከዚያ ጀልባ ወዳላቸው ሰዎች ጠጋ በሉ። ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ መረባቸው ምን እንደሚይዝ፣ የተቀደደውን መረብ የት እንደሚጥሉት ጠይቋቸው። ደብተር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ዓሣውን ሲያወርዱ አግዟቸው። በማለዳ ሂዱ፤ ገበያው ከደራ በኋላ ማንም አያናግራችሁም።